የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ጥሩ ጥገና በምን ይታወቃል?

በቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ውስጥ ታለስ የተባለው አጥንት ከላይና ከሁለት ጎን ታቅፎ ይቀመጣል። ጣሪያውና የውስጡ ግድግዳ ቲቢያ፣ የውጪው ግድግዳ ቀጭኑ ፊቡላ ነው። የቀዶ ሕክምናው ጥራት የሚለካው በገባው ብረት ብዛት ሳይሆን ታለስ ወደ ማኅደሩ በመመለሱ ነው። ራምሴና ሃሚልተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. በአስከሬን እግር ላይ እንዳሳዩት፣ ታለስ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጪ ሲንሸራተት የመገጣጠሚያው ንክኪ በአማካይ 42 በመቶ ይቀንሳል። የሰውነት ክብደት በጠበበ ቦታ ላይ ሲያርፍ ልም አጥንቱ ቀስ በቀስ ያልቃል።

ጥሩ ሥራ ቢላዋ ሳይነሣ ይጀምራል። ከቦታው የወለቀ መገጣጠሚያ ሳይውል ሳያድር ይመለሳል፤ ቆዳ የቀደደ ስብራትም ፈጥኖ ይታጠባል። ቆዳው ሳይቀደድ ያበጠ እግር ላይ ግን ችኮላ ጉዳት አለው። ተወጥሮ የሚያብለጨልጭ ቆዳ ከተቀደደ በኋላ ጠርዙ አልገጥም ይላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። አስተዋይ ሐኪም እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው እስኪሸበሸብ ይታገሣል።

የጥገናው ቁልፍ ፊቡላ ነው። ካጠረ ወይም ከዞረ ታለስ ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ የስብራቱ ጥርሶች እርስ በርስ እስኪገጥሙ አጥንቱ ተስቦ ወደ ቁመቱ ይመለሳል። ሰያፍ ስብራት ከሆነ አንድ ብሎን አቋርጦት ሁለቱን ስባሪዎች ያጣብቃል፤ ፕሌት የሚባል ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ ይደግፈዋል። ቀጥሎ ሐኪሙ ፊቡላን በመንጠቆ ወደ ውጪ እየሳበ በራጅ ያያል። ከቲቢያ ከራቀ ሁለቱን የሚያስተሳስሩት ጅማቶች ላልተዋል ማለት ነው። ያኔ ከመገጣጠሚያው 2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ፊቡላ ከቲቢያ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ ከኋላ ወደ ፊት ያዘነበለ ብሎን ይገባል። ይህን ፈተና መዝለል ያማረውን ፕሌት ከንቱ ያደርገዋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚነሣው ራጅ እግሩ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ዞሮ መሆን አለበት። በታለስ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይም ከጎንም እኩል ከሆነ ሥራው ጥሩ ነው። የውስጡ ክፍተት ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም ከላይኛው ከሰፋ ያጠራጥራል። የየትኛውም ብሎን ጫፍ ወደ መገጣጠሚያው መግባት የለበትም። ፊቡላ ዞሮ እንደሆነ ራጅ ሊደብቅ ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ ሲቲ ስካን ይነሣል። አጥንቱ ከያዘ በኋላም ዳገት መውጣትና ቁጢጥ ማለት የእግሩ ፊት ወደ ላይ መታጠፉን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ቁስሉ እንደዳነ መገጣጠሚያውን ማንቀሳቀስ የጥገናው ክፍል ነው።