የልጅ ሞት፣ የወላጅ ዝምታ፦ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በቡሬ ተመልካቾች ዓይን

ተመልካች ሲያለቅስ ሐያሲ ምን ሊል ይገባል? በእኛ የሥነ ጽሑፍ ጥናት ዘንድ ዕንባ ብዙውን ጊዜ በጥርጣሬ ይታያል። ሕፃን ከሞተ፣ እናት ከጮኸች፣ ዋሽንት ከተነፋ ዕንባ መምጣቱ አይቀርምና የተመልካች ልቅሶ የድርሰት ብቃት ማስረጃ ሊሆን አይችልም እንላለን። እኔ በበኩሌ ይህ አቋም ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። ተመልካቹ ማልቀሱ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ የት ቦታ ላይ እንዳለቀሰና የት ላይ እንደተቆጣ ስንጠይቅ ግን ምላሹ ራሱ ሂስ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን ለማሳየት የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘ ፊልም መርጫለሁ።

ፊልሙ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ ለተመልካች የበቃው በ1976 ነው። ኃይሌ በዚያን ጊዜ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበር። ጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ የተሠራ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ታሪኩ በአንድ ባላባት መሬት ላይ የሚኖር የጭሰኛ ቤተሰብን ኑሮ ይከተላል። የቤተሰቡ ልጅ ከብት ስትጠብቅ ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትሞክር ውኃ ይወስዳታል። በመጨረሻም መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚቆጠረው ከበበ ባላባቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል።

ይህን ፊልም በቡሬ ከተማ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኜ አይቼዋለሁ። ከመካከላቸው ገበሬዎች፣ መምህራንና በዕድሜ የገፉ ሴቶች ነበሩ። ቁጥራቸው ትንሽ በመሆኑ ከእነርሱ ተነሥቼ ስለ ምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ልናገር አልችልም። ሆኖም ፈጠም በክረምት ሲሞላ አይተው ላደጉ፣ በልጅነታቸውም ከብት ላገዱ ሰዎች የልጅቱ አሟሟት ሩቅ ምሳሌ አይደለም።

የመጀመሪያው ትዝብቴ ዕንባው የመጣበት ቦታ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ያበሱት ቀደም ብሎ፣ ልጅቱ ከብቶቹን እየነዳች በምትታይባቸው ረጃጅም ትዕይንቶች ላይ ነው። የከተማ ተመልካች «ተንዛዛ» የሚለው ክፍል ይኸው ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በእኔ ግምት መልሱ ከለቅሶ ሥርዓታችን ይገኛል። በሙሾ አልቃሿ የሟችን ሥራ ትቆጥራለች፤ ጀግንነቱን፣ እርሻውን፣ ደግነቱን፣ የዘመዱን ብዛት ታነሣለች። አድማጩም ግጥሙን ይመዝናል፤ ሟቹን ያልመሰለ ሙሾ አያስለቅስም። ትንሽ ልጅ ስትሞት ግን የሚቆጠር ታሪክ የላትም። «እግዜር ይተካ» ተብሎ ይታለፋል። ፊልሙ እነዚያን ረጃጅም ትዕይንቶች ሲደረድር ማንም ያልቆጠረላትን የልጅቱን ሥራ እየቆጠረ ነው። በመሆኑም የቡሬ ተመልካቾች ያለቀሱት ሙሾው ገና ሲጀመር ነው ማለት ይቻላል። የትዕይንቶቹ ርዝመት በዚህ ረገድ ጉድለት መሆኑ ይቀርና የፊልሙ ዋና ኃይል ይሆናል።

ሁለተኛው ምላሽ ቁጣ ነበር። አንድ አዛውንት ባላባቱን መግደል ለከበበ መሰጠቱን አልተቀበሉትም። የልጅ ደም የአባት ነው፤ አባት ቆሞ ባዳ እንዴት ይመታል? አሉ። አንድ ወጣት መምህር ደግሞ ፊልሙ ሊል የፈለገው ይህንኑ ነው፣ ጉዳዩ ከአንድ ቤት ደም አልፎ የመሬት ጉዳይ ሆኗል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ የአካባቢውን ታሪክ ይዞ የመጣ ነው። በጎጃም ገጠር ሰፍኖ የኖረው የርስት ሥሪት ሲሆን፣ ገበሬው በትውልድ ቆጠራ የመሬት መብቱን ይጠይቅ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመፀውም ይህ መብቴ ተነካ ብሎ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተመልካች በሰው መሬት ላይ ያለ፣ ልጁ ስትሞት እጁን ያላነሣ አባት ለመቀበል የሚከብድ ገጸ ባሕርይ ነው። አዛውንቱ አባትየውን የመዘኑት በባለርስት ሚዛን ነው። ፊልሙ ግን ጭሰኝነት ከመሬቱ ጋር የመቆጣትን መብት ጭምር እንደሚነጥቅ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ይሁንና የአዛውንቱ ቅሬታ ከንቱ አይደለም። ልጅቱ ከሞተች በኋላ የሴራው ክብደት ወደ ከበበና ወደ ባላባቱ ያዘነብላል። የወላጆቹ ኀዘን የሌላ ሰው ቁጣ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በካን ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘው የጣሊያናዊው ናኒ ሞሬቲ «የልጁ ክፍል» ተቃራኒውን መንገድ ይከተላል። በዚያም ልጅ በውኃ ውስጥ ይሞታል፤ ካሜራው ግን ከአባት፣ ከእናትና ከእኅት አይለይም። እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ያዝናሉ። ሞሬቲ ኀዘኑን ቤት ውስጥ ዘግቶ ስናየው፣ ኃይሌ ወደ ሜዳ አውጥቶታል። የመጀመሪያው ልጁን ማን ገደለው ብሎ የሚጠይቀው የለውም፤ የሁለተኛው ወላጆች የሚያዝኑበት ፋታ የላቸውም።

ይህን የመጨረሻ ነጥብ ከእኔ በላይ የገለጹት አንዲት እናት ናቸው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ስለ ባላባቱም ስለ ከበበም አልተናገሩም። የጠየቁት በማግሥቱ ከብቶቹን ማን እንዳገደ ነው። ጥያቄው የቤት ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ኀዘንንና ጉልበትን፣ እናትንና ባላባትን በአንድ ላይ ያያይዛል። ለቅሶ ለመቀመጥ እንኳ የጉልበት ትርፍ ያስፈልጋልና።

ከዚህ በመነሣት ለተማሪዎቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሙሾና ፉከራ በየገጠሩ እየዞርን እንደምንሰበስብ ሁሉ፣ ሰው ፊልም አይቶ የሚናገረውንም እንሰብስብ። በአማርኛ የሚሠሩ ፊልሞች እየበዙ ነው፤ የተመልካቹ ንግግር ግን ሳይመዘገብ ይቀራል። ሂሳችን እርሱን ካልሰማ የልጅቱን ሞት በሴራ ትንተና ቆጥሮ ያልፋል፤ ማግሥቱን አይጠይቅም።