ጽዮን ስንት ጊዜ ተሠራች?

አሰላ ላደግን ሰዎች የአክሱም ጽዮን ወሬ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከከተማችን ወደ ምዕራብ ቁልቁል ዝዋይ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ላይ ቱሉ ጉዶ፣ በሌላ ስሟ ደብረ ጽዮን። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦቷን ይዘው እዚች ደሴት ተሸሸጉ ይላሉ ዛዮች። ትረካውን ለማስረጃነት አላቀርበውም። ግን አክሱም የሄድኩት ሐውልት ለማየት ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ወቅት እኛ ጋ ተጠልላ የነበረች ዘመድ ልጠይቅ ነበር።

ዘመዴ ቤት ታዲያ አይገባም። አሮጌው ጽዮን ለሴት ዝግ ነው። ለምን ሲባል ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ያችው ዮዲት ናት፤ ሌሎች ደግሞ ለእመቤታችን ክብር ነው ይላሉ። ስለዚህ ይህ ሂስ ከውጭ የተጻፈ ነው። ደግነቱ ሕንፃው ብዙውን ነገር የሚናገረው በውጭ ግድግዳው ነው።

መጀመሪያ መቆሚያውን እዩት። ሰፊው ባለ ደረጃ የድንጋይ መድረክ ከላዩ ካለው ሕንፃ በጣም ይበልጣል፤ የትልቅ ሰው ጫማ ያደረገ ልጅ ይመስላል። በ1520ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው ቤተ ክርስቲያን ውስጡ በአምስት ረድፍ የተከፈለ ትልቅ ሕንፃ ነበር። እሱ በግራኝ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ፋሲለደስ መልሰው ሲያሠሩት ግን የድሮውን ለመምሰል አልሞከሩም። ጣሪያው ዙሪያ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ በኖራ የተገነባ፣ ቁርጥ የጎንደር ግንብ አደረጉት። ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡት ንጉሥ፣ ከእነሱ ጋር በተስፋፋው የኖራ ግንባታ ጽዮንን መሥራታቸው ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

አውሮፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያደረገችው የዚህን ተቃራኒ ነው። ኒዮ ጎቲክ የሚባለው ስልት የመካከለኛውን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሲያድስ፣ አዲሱን ሥራ ጥንታዊ አስመስሎ ነው። የፓሪሱ ኖትርዳም ላይ ቪዮሌ ለ ዱክ በ1859 የተከለው ሹል ጫፍ በ2019 ሲቃጠል፣ የመካከለኛው ዘመን ቅርስ ወደመ ብሎ ያዘነው ሰው ጥቂት አልነበረም። መልሰው ሲሠሩትም ያንኑ የቪዮሌን ቅርጽ ደገሙት።

እኛም ጋ ኒዮ ጎቲክን የሚያስታውስ ነገር አለ፣ ግን አሮጌው ላይ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት፣ በ1960ዎቹ የተጠናቀቀው አዲሱ ጽዮን ባለ ትልቅ ጉልላት ነው። አጠገቡ የቆመው ረጅም ደወል ቤት ደግሞ የአክሱምን ሐውልት ያስመስላል። እውነቱን ልናገር፣ ደወል ቤቱን አልወደድኩትም። እውነተኞቹ ሐውልቶች እዚያው ማዶ ቆመው እያሉ በሲሚንቶ መቅዳት ምን ይባላል? ጉልላቱም ከሩቅ ያምራል፣ ሲቀርቡት ግን የሚያወራው ስለ ስፋቱ ብቻ ነው።

ግን በዚህኛው በር ገባሁ። ወንድም ሴትም የሚገባበት ነው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሳይ፣ ስለ ደወል ቤቱ ያለኝ ቅሬታ አልጠፋም፣ ሚዛኑ ግን ተቀየረ። አሮጌው ውብ ነው፣ አይቀበለኝም፤ አዲሱ ያን ያህል አይደለም፣ ተቀበለኝ። ሂስ ጸሐፊ ሁለቱንም መጻፍ አለባት።

ለአዲሱ ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ቦታውን ነው። የፋሲልን ሕንፃ ሳያፈርሱ ጎኑ ሠሩት። ይህ ቀላል ይመስላል። እኛ ጋ ደጋው ላይ ግን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲያረጅ ምእመኑ ገንዘብ ያዋጣል፣ ብሎኬት ይመጣል፣ የጭቃውና የእንጨቱ ክብ ሕንፃ ይፈርሳል። አዋጪዎቹን አልወቅስም፤ ጣሪያ ሲያፈስ ሥዕሉም ሰዉም ነው የሚበሰብሰው። የምጠይቀው ኮሚቴው የመጀመሪያውን ስብሰባ ሲያደርግ ከአዲሱ ፕላን ጋር አንድ ሌላ ወረቀት እንዲቀርብ ነው፦ አሮጌው ባለበት ቢቆም አዲሱ በየት በኩል ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ።