ጦር የሌለው የጦር ቤት፦ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት እንደገና ማንበብ

የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ሐያስያን በአብዛኛው በሁለት በር ሲገቡበት ኖረዋል። ገሚሱ ከፍቅረኞቹ ከሰብለ ወንጌልና ከበዛብህ ጋር ያለቅሳል፤ ገሚሱ ከጉዱ ካሣ ጋር ሆኖ ሥርዓቱን ይከሳል። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ በሁለቱም ዘንድ ትርፍ ሰው ናቸው። ወይ ይሳቅባቸዋል፣ ወይ «የፊውዳል ሥርዓት ተወካይ» ተብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ልብ ወለዱን በውጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰማን ደግሞ ሳቁ በጆሯችን ስለቀረ ቤቱን በቅጡ ሳናየው ቀርተናል። እኔ ሐዲስ ዓለማየሁ ከሁሉ ይልቅ የተጠበቡበት ይህን ቤት በመሥራት ነው እላለሁ። ፍቅሩም ክሱም የቆሙት በዚሁ ቤት ላይ ነው።

ለዘመኑ ወጣት አንባቢ የጦር መኳንንት ቤት ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ዌስትሮስ ነው፤ ዓርማና መፈክር ያለው፣ ሰይፉ ሳይቀር ስም የወጣለት ቤት። የጎጃም መኳንንት ሥርዓት ከዚህ የሚያንስ አልነበረም። በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ፉከራ፣ በግብር አዳራሽ የመቀመጫ ተራ፣ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠር ዘር ነበራቸው። ማርቲን በምናብ ያቆመውን ዓይነት ዓለም ሐዲስ ከደጃቸው አገኙት፤ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት በደብረ ማርቆስ አካባቢ ነውና። ለዘር ቆጠራው ምስክር የሚሻ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን የጎጃም ትውልድ መዝገብ ያንብብ። በወለጋ ምድር የተወለዱት አለቃ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ሆነው የባላባቱን ሐረግ ከነቅርንጫፉ ጽፈው ባያቆዩልን ኖሮ፣ ያ ቤት ራሱን እንዴት ይቆጥር እንደነበር ዛሬ በግምት ብቻ ነበር የምናወራው።

የእውነተኛውን ቤት ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ በዓመቱ እምባቦ ላይ በምኒልክ ተማረኩ፤ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ዓድዋ ዘመቱ፤ በ1893 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚህ ውስጥ የሚገርመኝ ድሉ አይደለም። ሽንፈቱ እንኳ ለቤቱ ክብር ይሆነው ነበር፤ የተማረከው ንጉሥ ከጦር ሜዳ ነውና። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የቆመው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። የፊት ጦር የሚመራ ሰው ማዕረግ አላቸው፤ ጦር ግን የላቸውም። በልብ ወለዱ ውስጥ ሲዘምቱ የምናያቸው ከልማድ በላይ አንገብርም ባሏቸው በገዛ ባላገሮቻቸው ላይ ነው። እዚያም በእነ አበጀ በለው እጅ ይወድቃሉ። እምባቦ ላይ የተማረከውን ንጉሥ የሚያስታውስ የጎጃም አንባቢ ይህን ምርኮ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት። መሣሪያው፣ ፉከራው፣ ዘመቻው፣ ምርኮው ሁሉም አለ። የሌለው ጠላት ብቻ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምወድለት ብልሃት ልለፍ። የሐዲስ ተራኪ ፊታውራሪን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቱ ይላቸዋል። የበዛብህን አባት ቦጋለ መብራቱን «ነበር» እያለ የሚተርክ ብዕር ወደ ፊታውራሪ ሲደርስ «ነበሩ» ይላል። ይህ የዘመኑ የጨዋ አጻጻፍ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ነውም። ነገር ግን በዚህ ሰዋስው ውስጥ የሚሆነውን ተመልከቱ። ፊታውራሪ ሲቆጡ፣ ሲያጉረመርሙ፣ ያለ ልክ ሲኩራሩ፣ ባላገር ሲማርካቸው ሳይቀር ግሡ ከመቀመጫው አይነሣም። ድርጊቱ ሰውየውን ቁልቁል ይጎትተዋል፤ ግሡ እንዳከበራቸው ይቀጥላል። ተራኪው አንድም ጊዜ «ይህ ሰው ከንቱ ነው» ማለት አያስፈልገውም፤ በአክብሮቱና በታሪኩ መካከል የተከፈተው ክፍተት ራሱ ይናገራል። ሌላ ደራሲ ቢሆን መሳለቅ በፈለገበት ቦታ ወደ አንተ ይወርድ ነበር፤ ያን ጊዜም መሸሻ የመድረክ ቀልደኛ ሆነው በቀሩ። ሐዲስ ባለመውረዳቸው ሰውየው እስከ መጨረሻው ጌታ እንደሆኑ ይኖራሉ፤ አሳዛኝነታቸውም ከዚህ ይመነጫል። ቤቱ በአንቱታ ነው የቆመው። አሽከሩ፣ ደጅ ጠኚው፣ የንስሐ አባቱ፣ ሚስቲቱ ወይዘሮ ጥሩአይነት ሁሉም ያንኑ ግሥ ይዘው ጣራውን ደግፈዋል። ባላገሮቹ ከደገፉበት እጃቸውን ሲያነሡ ጣራው ማዘንበል ይጀምራል።

ይህን ሁሉ በመደብ ትግል ብቻ መተርጎም ከደራሲው ሕይወት ግማሹን ቆርጦ መጣል ነው። ሐዲስ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው የጣሊያንን ጦር ተዋግተዋል፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ላይ ታስረው ኖረዋል። እሳቸው እስር ላይ ሳሉ በገዛ አገራቸው የሆነውን እናውቃለን። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ፣ ጎጃምን ለዓመታት ገዝተው በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱትና በግብር ማብዛት የሚታወሱት፣ ከጣሊያን ጋር አደሩ። በአንጻሩ በላይ ዘለቀ የመሳፍንት ደጅ ሳይጠና በአባይ በረሃና በብቸና ዙሪያ ጦር አቆመ፤ ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲያድል ለራሱ ማዕረግ ሳይሻ ቀረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረክለታል። ይህን አይቶና ሰምቶ የተመለሰ ምርኮኛ ስለ ጀግንነት ውርስ ሲጽፍ ዘር በሚቆጥር ፊታውራሪ አፍ ጀግንነትን ማስፎከሩ ቀልድ ብቻ ሊሆን አይችልም። እኔ እንደማነበው የፊታውራሪ መሸሻ ዘመቻ «ጀግንነት በአጥንት ይወረሳል» ለሚለው የቤቱ እምነት ከጦር ሜዳ የመጣ መልስ ነው።

ስለዚህም ነው ጉዱ ካሣን እንደ ሌሎቹ ለማወደስ የምቸገረው። ካሣ ሲያዝን ሰው ነው፤ ሲናገር ግን ብዙ ጊዜ መጣጥፍ ይሆናል። ረዣዥም ንግግሮቹ ቤቱ በድርጊት ያሳየንን ተመልሰው ያስረዱናል፤ አንባቢ የተረዳውን ነገር ደግሞ ማስረዳት አንባቢን አለማመን ነው። የተማሪዎች ንቅናቄ ትውልድ ካሣን የራሱ አፈ ጉባኤ አድርጎ ስለ ወሰደው ይህ ጉድለት እንደ ብልጫ ተቆጠረ። የካሣን ንግግር በግማሽ ብንቀንሰው መጽሐፉ ከክሱ ምንም አይጎድልበትም፤ የፊታውራሪን ቤት ብናወጣው ግን ካሣ የሚናገርበት ደጅ ያጣል።

የባላገሮቹ እምቢታ ግን ሳይጋነን በጥንቃቄ የተሠራ ነው። የጎጃም ገበሬ በርስቱ የሚኮራ፣ የሚገባውን ግብር የማይክድ፣ ከልማድ ውጭ የመጣበትን ግን የሚመክትበት ሰው ነው። ሐዲስም ያሳዩን ይህንኑ ነው፤ የእነ አበጀ ጥያቄ ጌታ አይኑር የሚል አልነበረም። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣና የብቸና ገበሬ ተነሣ፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። ሐዲስ ተነበዩ አልልም። አገራቸውን ያውቁ ነበር፤ ያ ይበልጣል።

ከዚህ ቤት የሚቀረው ሰብለ ናት። ዘሩ አነሰ፣ ማዕረጉ አነሰ እየተባለ ጠያቂዋ ሁሉ ሲመለስ የኖረች፣ በመጨረሻም ዘራቸው ተቆጥሮ ለፊታውራሪ አሰጌ የታጨች ልጅ። አባቷ ስለ ጀግንነት ሲፎክሩ የኖሩበትን ነገር ሁሉ በአንድ ሌሊት የምታደርገው እሷ ናት። ቃሏን ትጠብቃለች፤ ሞትን ትደፍራለች፤ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከዲማ ተነሥታ አባይን በእግሯ ትሻገራለች። ከፊቷ አሽከር የለም፣ ከኋላዋ ስንቅ የጫነ በቅሎ የለም፣ የሚፎክርላት አዝማሪ የለም። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ለዚህ ቤት ካለኝ ንቀት ይልቅ ፍቅሬ ይበረታል፤ ምክንያቱም እሴቱ ሐሰት እንዳልነበረ፣ የያዙት ሰዎች እንደጣሉት የምታሳየኝ እሷ ናት። ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ጉዞ ከፍቅር ታሪኩ ጋር ብቻ አያይዘው ማስተማራቸው ይቆጨኛል። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት አንዲት እውነተኛ ዘመቻ አለችው፤ እሷም በተማሪዎቻችን የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በዘመቻነቷ አልተጻፈችም።