የሌሊቱን ስልክ ማን ይያዝ?

ሆቴል ውስጥ ችግር መጀመሪያ የሚታወቀው በጓዳ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ እኛ ዘንድ ቀድሞ ጸጥ ያለው ላውንደሪው ነበር፤ የሚታጠብ አንሶላ ጠፋ። በሳምንቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቆመ። አዲስ አበባ የስብሰባ ከተማ ናት። ስብሰባ ሲሰረዝ አልጋው፣ አዳራሹ፣ ምሳው፣ የሻይ ሰዓቱ ሳይቀር አብሮ ይሄዳል።

ያኔ የሁሉም ዓይን ሥራ አስኪያጁ ላይ ያርፋል። በእኛ ልማድ አለቃ ሆደ ሰፊ ነው፤ ሁሉን ውጦ ዝም ይላል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ግን በሥራ አስኪያጅነቴ እንደታዘብኩት፣ በክፉ ቀን የአለቃን ብርታት ከጠባዩ ይልቅ ፈረቃው ይወስነዋል።

መጀመሪያ የሌሊቱን ስልክ እንውሰድ። ሌሊት ትኩሳት የተሰማው እንግዳ ይደውላል፤ ውጭ አገር ያለው ባለንብረት ስለ ባንክ ሒሳቡ ሊጠይቅ ይደውላል፤ ትራንስፖርት ያጣ ሠራተኛም ይደውላል። ስልኩን ከምክትሌና ከሃውስኪፒንግ ኃላፊዋ ጋር በየተራ እንይዘው ነበር። ሊያድር የሚችለው ጉዳይ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ገንዘብንና ሰውን የሚመለከት ውሳኔ ከእራት በኋላ አይወሰንም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ወይ ሁሉን ያሳድራል፣ ወይ ሁሉን ባንዴ ይቆርጣል፤ ሁለቱም ያስከፍላል።

ሁለተኛው ነገር ወሬ ነው። እሱን ለመግታት በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተራርቀን እንሰበሰብ ነበር። አንድ ቀን ዋናው ወጥ ቤት፣ «ጋሼ፣ ደመወዝ ከፋሲካ በፊት ይገባል?» አለኝ። «የመጋቢቱ ተይዟል። የሚያዝያውን ከባለንብረቱ ጋር ተነጋግሬ ሐሙስ እነግራችኋለሁ» አልኩት። ሐሙስ ደረሰ፤ መልስ አልነበረኝም፤ እንዳልተወሰነ በዚያው ሰዓት ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ቀነሰ። ጥያቄው ሰዓት ሲኖረው ቀኑን ሙሉ ሰው ላይ አይንጠለጠልም።

መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ በማስፈጸሚያ ደንቡ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ሲከለክል ብዙ ባለንብረት አማረረ። የገንዘቡ ጭንቀት ይገባኛል። ለእኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እፎይታ ነበር፤ «ማንን ላስቀር?» የሚለው ጥያቄ ከጠረጴዛዬ ተነሣ። የቀረኝ ሥራ ዓመት ፈቃድ ማብቃቃት፣ ክፍል ማስቀባት፣ ምንጣፍ ማሳጠብ ሆነ። ምርጫ የበዛበት አለቃ ነፃ ይመስላል እንጂ የሚያደክመው ምርጫው ራሱ ነው።

የሚያዳምጥ ሰውም ያስፈልጋል፤ የማይፈራኝ፣ ደመወዜንም የማይከፍለኝ። ሚስት አለች አይባልም፤ እሷም የቤት ኪራይ እያሰላች ነው። እኔን የጠቀመኝ የሌላ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው። ጠዋት ጠዋት አብረን በእግር እንሄድ ነበር፤ ገበያ ላይ ተፎካካሪዬ ቢሆንም ያን ሰሞን የምንሻማው እንግዳ አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ተሟጦ መዛልን ከበሽታ ሳይቆጥር ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መድቦታል። እንዲያ ከሆነ መፍትሔውንም ሥራው ውስጥ መፈለግ ነው። ባለንብረቶች ሥራ አስኪያጃቸውን ቢሾፍቱ ልከው ስለ ጭንቀት ማሠልጠን ይወዳሉ። አልቃወምም። በዚያው ወጪ ግን አንድ የሌሊት ኃላፊ ቢቀጥሩለት ይሻላል፤ የመወሰን ሥልጣን ያለው፣ ጠዋት መዝገቡን አስረክቦ የሚሄድ።