ኢዮብን ከመካከሉ ስናነብ

ወንድሜን በቀበርን ማግስት፣ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ «እንደ ኢዮብ ቻለው፤ እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ይክስሃል» አሉኝ። ምክሩ ከልባቸው ነበር። መጽሐፉን ግን ከመነሻውና ከመድረሻው ብቻ ያወቁት መሰለኝ።

መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፎች አሉት። ትዕግሥተኛው ኢዮብ የሚታየን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው። በ3ኛው የተወለደባትን ቀን ይረግማል፤ ቀጥሎም ከፈጣሪው ጋር ልሟገት ይላል። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ወዳጆች ነበሩ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ከሳሾች ሆኑ። በመጨረሻም የተገሠጹት እነርሱ ናቸው፤ በቅንነት ተናገረ የተባለው ሙግተኛው ነው።

«እጥፍ» የተባለውንም ቆጠርሁት። 7 ሺህ የነበሩት በጎች 14 ሺህ፣ 3 ሺህ የነበሩት ግመሎች 6 ሺህ ሆኑ። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው። በግ በበግ ይተካል፤ ልጅ ግን በልጅ አይተካም።

ስለዚህ የመጽሐፉ እምነት ከካሣው ላይ አይደለም። ኢዮብ ከአምላኩ ጋር የታረቀው አንዲት በግ ሳትመለስለት፣ አመድ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። እኔም የምፈልገው ይህንኑ እምነት ነው፤ ወንድሜን ይተካልኛል ብዬ ሳይሆን፣ እርሱ በሌለበትም እግዚአብሔር አይተወኝም ብዬ። ሽማግሌው ተመልሰው ቢመጡ፣ አጠገቤ ዝም ብለው ቢቀመጡልኝ ይበቃኛል።