በከተማ ወይስ በሜዳ፤ ስለ ፍትሐት ክልከላ አጭር ሐተታ

ባለፈው የገዳማችን የንግሥ በዓል ከተሳላሚዎቹ መካከል አንዲት ወጣት ሴት ወደ እኔ ቀርባ፣ «አባ፣ ከሞተች በኋላም የምትቀጣ ጓደኛ አለችኝ» አለችኝ። ሁለቱ በኩዌት ከተማ በባሕሩ ዳር ሻርቅ በሚባለው ሠፈር፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በተለያየ ቤት ተቀጥረው ያገለግሉ ነበር። ጓደኛዋ ከፎቅ ወድቃ ሞተች። አስከሬኗ ወደ አገሯ ሲላክ አብሮ በመጣው ወረቀት «ራሷን ወረወረች» የሚል ቃል ስለ ተገኘ፣ የአጥቢያዋ ካህን ፍትሐት ከለከሉ፤ እናቲቱም ተዝካር እንዳታወጣ ተነገራት።

በዚህ ሐተታ የምነቅፈው ካህኑን አይደለም፤ እርሳቸው ሥርዓት መጠበቃቸው ነውና። የምነቅፈው የሥርዓቱን አነባበብ ነው። ራስን መግደል ኃጢአት መሆኑን እኔም አልጠራጠርም። ነገር ግን ይህች ሴት ያን ኃጢአት ሠርታለችን? ሠርታለች ብሎስ የወሰነው ማን ነው? ካህኑ ናቸውን ወይስ ወረቀቱን የጻፈው?

ሻርቅ በዐረብኛ ምሥራቅ ማለት ነው፤ የእኛም ሠረቀ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ይህ ቃል በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሌባ ሥራ ይሆናል። ፊደሉን ያልለየ ተማሪ ከመምህሩ ተግሣጽ አያመልጥም። እኛ መምህራኑ ግን «ወድቀት» የሚለውንና «ወረወት ርእሳ» የሚለውን ሳንለይ በሰው ነፍስ ላይ ስንፈርድ የሚገሥጸን የለም።

ክልከላው የሚታመንበትን ሥር እንመልከት። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ ካህናት ለጠየቁት ጥያቄ ከሰጣቸው መልሶች አንዱ ስለዚህ ነገር ነው። ጥያቄው ራሱ ከከፍታ ላይ የተወረወረን ሰው በስም ያነሣል። መልሱም፣ ሰውየው አእምሮውን ስቶ እንደ ሆነ ካህኑ ይመርምር፤ ዘመዶች መሥዋዕቱ እንዳይቀር ሲሉ ሊዋሹ ይችላሉና በጥንቃቄ ይጠይቅ የሚል ነው። እንግዲህ አባታችን ያዘዘው ምርመራን ነው። ክልከላ የምርመራው ፍጻሜ ሊሆን ይችላል እንጂ መጀመሪያው አይደለም። ዘመድ ለሟቹ ብሎ እንዳይዋሽ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ አሠሪ ለራሱ ብሎ እንዳይዋሽ እንዴት አብልጦ ባልተጠነቀቀ!

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በዚያው በኩዌት አገር አንዲት ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ከ7ኛ ፎቅ መስኮት በእጇ ተንጠልጥላ ሳለ አሠሪዋ እጇን ከመዘርጋት ይልቅ በስልክ ሥዕሏን ስትቀርጽ፣ ሴቲቱም ስትወድቅ ዓለም ሁሉ አይቷል። ብዙ ሰውም ራሷን ልትገድል ነበር ብሎ ፈረደ። ልጅቱ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች፤ በሐኪም ቤትም ሆና ከአሠሪዋ ስትሸሽ እንደ ወደቀች በአፏ ተናገረች። አሠሪይቱም በሕግ ተያዘች። እስቲ አስተውሉ፤ ያቺ ሴት ባትተርፍ ኖሮ ምስክሩ ሥዕሉ ብቻ ነበር፣ ሥዕሉም በአሠሪይቱ እጅ የነበረ ነው። እኛስ ፍትሐት እንከለክላት አልነበረምን?

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ስለ ተደፈረች ልጃገረድ የተሠራው ሕግ ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። በከተማ የተያዘችውን፣ ብትጮህ የሚሰማት ነበረና ስላልጮኸች ይጠይቃታል። በሜዳ የተያዘችውን ግን ጮኻለች፣ የሚያድናት ግን አልነበረም ብሎ ነጻ ያወጣታል። መጮኋን የሰማ ምስክር እንኳ አይጠይቅም። ታዲያ ሻርቅ ከተማ ናትን ወይስ ሜዳ? ፎቆቿ ሰማይ ጠቀስ፣ መንገዶቿ ሰው የሚርመሰመስባቸው ናቸውና ከተማ ናት ትሉኛላችሁ። ነገር ግን ቋንቋውን ለማታውቅ፣ በሩ ለተቈለፈባት፣ ጎረቤቷን በስም ለማታውቅ ሴት ያ ፎቅ ሜዳ ነው። ሕጉ የሚመለከተው የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩን እንጂ የቤቱን ብዛት አይደለምና።

በሩ ነበረላት የሚለኝም አለ። የኩዌት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው በቍጥር 68 ሕግ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድታርፍ፣ ፓስፖርቷም እንዳይያዝባት ደንግጓል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም የመኖሪያ ፈቃዷ ከፊል በሚሉት በአሠሪዋ ስም የታሰረ ስለ ሆነ፣ ሳያሰናብታት የወጣች ሠራተኛ «ጠፋች» ተብላ ልትከሰስና ልትታሰር ትችላለች። በበሩ መውጣት ወንጀል በሚሆንበት ቤት መስኮቱ ምን እንደሚመስል ፎቅ ላይ ያልኖርን መነኮሳት በቶሎ አንረዳውም።

በእርግጥ ራሷን ወርውራ ቢሆንስ? ወታደሮች በመጡባት ጊዜ ብቻዋን በቤት የነበረችው የአንጾኪያዋ ድንግል ጴላግያ ልብስ ልለውጥ ብላ ወደ ሰገነት ወጥታ ራሷን ጥላለች፤ ዮሐንስ አፈወርቅም በውዳሴ ሰበከላት እንጂ አልኮነናትም። ይህን የማነሣው የሻርቋን ሟች ሰማዕት ለማለት አይደለም፤ ለዚያ የሚያበቃ ማስረጃ የለኝም። እንዲህ ብዬ ሌላዪቱን ልጅ ተስፋ በቈረጠች ጊዜ ወደ መስኮቱ ከመግፋትም እግዚአብሔር ይጠብቀኝ፤ ክልከላው ለሕያዋን አጥር ሆኖ መሠራቱን አልዘነጋም።

ተሳላሚዪቱን፣ «ልጄ፣ ከመውደቋ በፊት ምን ነግራሽ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ወደ አገሯ ስትመለስ ለእናቷ የምትወስደውን ነጠላ ገዝታ በአልጋዋ ሥር እንዳስቀመጠች፣ በዚያው ሌሊትም የጩኸት ድምፅ እንደ ተሰማ ነገረችኝ። ይህን ከዚያ በፊት የጠየቃት ካህን አልነበረም። ከሌላ አጥቢያ ላይ ገብቼ መፍታት ሥልጣኔ ስላልሆነ፣ ቃሏን በወረቀት አስፍሬ፣ ጉዳዩ እንደ ገና እንዲመረመር ለሀገረ ስብከቱ እንድታቀርብ ሰጠኋት። የሟቿ ሙት ዓመት ሊደርስ 3 ወር ቀርቶታል፤ መልሱን እጠብቃለሁ።