ስያሜና ታሪክ፦ ስለ ክርስትና በሚቀርቡ አጠቃላይ መግለጫዎች ላይ የቀረበ ትችት

ስለ ክርስትና እምነት፣ ክፍሎችና ታሪክ አጠቃላይ መግለጫ የሚሰጡ አጫጭር ጽሑፎች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተመለሱ በየጊዜው ይቀርባሉ። አቀራረባቸው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ በመጀመሪያ ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ፣ ቀጥሎ ስለ ጉባኤያት፣ በመጨረሻም ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ስለሚባሉት ሦስት ክፍሎች ይተርካሉ። የዚህ ትችት ዓላማ ትምህርቱን መመርመር አይደለም፤ ይህ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ድርሻ ነው። እዚህ የሚመረመረው ስያሜ ነው። በስያሜ ጉድለት ምክንያት ታሪኩ ራሱ የሚፋለስባቸውን ጥቂት ቦታዎች ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለማመልከት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያው እንከን «ኦርቶዶክስ» በሚለው ቃል ላይ ይታያል። እንግሊዝኛው በዚህ ስም የሚጠሩትን ሁለት የአብያተ ክርስቲያናት ቤተሰቦች «ኢስተርን» እና «ኦሪየንታል» በሚሉ ሁለት ቅጽሎች ይለያቸዋል። የቍስጥንጥንያ፣ የግሪክና የሩሲያ አብያተ ክርስቲያናት በመጀመሪያው፣ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የህንድ ማላንካራ አብያተ ክርስቲያናት በሁለተኛው ይመደባሉ። ሁለቱም ቅጽሎች በቀጥታ ሲመለሱ «ምሥራቃዊ» ስለሚሆኑ ልዩነቱ በአማርኛው ይጠፋል። ጥፋቱም ቀላል አይደለም። «ኦርቶዶክስ በ1054 ከካቶሊክ ተለየ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ፣ ነገሩ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የሚመለከት ይመስለዋል። የ1054ቱ መለያየት ግን የሮምና የቍስጥንጥንያ ነው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምትከተላት እስክንድርያ ከሁለቱም ጋር የተለያየችው በ451 በተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ነበር። አንድ ቅጽል በመጕደሉ ብቻ አንባቢው በስድስት መቶ ዓመት ይስታል።

ሁለተኛው እንከን ከመስተዋድድ ጋር የተያያዘ ነው። በኬልቄዶን የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ ክርስቶስ «ከሁለት ባሕርይ» ነው የሚለውን ይቀበል ነበር፤ ጉባኤው የወሰነው ግን «በሁለት ባሕርይ» የሚለውን ነው። ግሪክኛው «ኤክ» እና «ኤን» ብሎ የለየውን አማርኛ «ከ» እና «በ» ብሎ ያለ ችግር ይለየዋል። ይህን ያህል የተመቸ መሣሪያ በእጃችን እያለ፣ ትርጕም ጽሑፎቹ ጕዳዩን «ሁለት ባሕርይ አለው» እና «አንድ ባሕርይ ብቻ አለው» ወደሚል የቍጥር ክርክር ያወርዱታል።

«ብቻ» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ማወቅ አያስቸግርም፤ «ሞኖፊሳይት» ከሚለው ስያሜ የተወረሰ ነው። «ሞኖስ» በግሪክኛ ብቸኛ ማለት ነው። ቄርሎስ የተናገረው ግን «ሚያ ፊሲስ» ነው፤ «ሚያ» አንዲት ማለት እንጂ ብቸኛ ማለት አይደለም። «ሞኖፊሳይት» ባለቤቶቹ የማይቀበሉት፣ በተቃዋሚ ወገን የተሰጠ ስም ነው፤ ሥጋ በመለኮት ተውጧል በማለት የሚከሰሰውን አውጣኪን እነርሱም ያወግዙታል። ግእዝ የሰጠን «ተዋሕዶ» በአንጻሩ ፍቹን በቅርጹ ይዟል። ግሡ «ተዋሐደ» ተደራራጊ በመሆኑ ከአንድ በላይ የሆኑ ተዋሓጆችን ይጠይቃል፤ ስለዚህ መዋጥንም መለያየትንም አያመለክትም። እንዲህ ያለ ቃል ያለው ቋንቋ «ሞኖፊሳይት»ን መዋሱ ትርፉ ምንድን ነው?

ሦስተኛው ችግር ግን በተርጓሚው ብቻ የሚሳበብ አይደለም። «ባሕርይ» በዛሬው ንግግር ጠባይ ማለት ሆኗል፤ «ባሕርዩ ከባድ ነው» ስንል ስለ ሰውየው አመል መናገራችን ነው። «አካል» ደግሞ ከሰውነት አልፎ «የሚመለከተው አካል» በሚለው አነጋገር የመሥሪያ ቤት ስም እስከ መሆን ደርሷል። ትምህርቱን በልጅነቱ ያልሰማ አንባቢ ሥላሴ በአካል ሦስት በባሕርይ አንድ መሆናቸውን ሲያነብ ሦስት ሰውነትና አንድ ጠባይ ቢታየው አይፈረድበትም። መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይደለም። ሊቃውንቱ ለብዙ ዘመን የተከራከሩባቸውን፣ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሳይቀር የተፈተኑትን ቃላት መጣል ከክርክሩ ታሪክ መቈረጥ ይሆናል። የሚሻለው መዝገበ ቃላቱ የዕለት ተዕለቱንና የነገረ መለኮቱን ፍች በተለያየ ቍጥር እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የቅርብ ጊዜ ታሪክም ይመሰክራል። በ1973 የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በጋራ መግለጫቸው መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥና ያለ መለያየት እንደ ተዋሐዱ አስታውቀዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ ዛሬም አንድ አልሆኑም፤ ሆኖም አንዱ ለሌላው ያወጣው ስም ወደ ጐን ሲባል የቀረው ልዩነት በመጠኑ ታወቀ።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን በሚጠራበት ስም ይጠራ፤ «ፕሮቴስታንት» የሚለው በ1529 በሽፓየር ከቀረበ ተቃውሞ የመጣ መሆኑ እየተገለጸ፣ «ወንጌላዊት» የሚለው የባለቤቶቹ መጠሪያም አብሮ ይጻፍ። «ኦሪየንታል» በአማርኛ የተለመደ ስለ ሆነ ከነማብራሪያው ይጽና፤ «ምሥራቃዊ» ለሌላው ቤተሰብ ይቅር። «ከሁለት» እና «በሁለት» በተለዩበት ስፍራ ሁሉ ተለይተው ይመለሱ። ተርጓሚ የሃይማኖት ዳኛ አይደለም፤ የተከራካሪዎቹን ቃል ሳያዛባ ማድረስ ግን ግዴታው ነው።